የሐበሻ ጥድ በጋውን ሁሉ ለምልሞ የሚከርመው እንዴት ነው?

ወልዴ_ደጋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የሐበሻ ጥዶች አሉ። በጋ ላይ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ እነሱ ንክች አይሉም። ውሃ የሚያጠጣቸውም የለም። ምስጢሩ ምንድን ነው? ደግሞ አንደኛው ሰማያዊ ፍሬ ያፈራል፣ ሌላው በጭራሽ። ታሟል እንዴ? ጎረቤታችን «ቁረጡት፣ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል» እያለ እናቴን እያግባባት ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።

ቅጠልያ፦
ኧረ እንዳታስቆርጥ! ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ ከተቆረጠ አለቀ። የማያፈራውም አልታመመም፣ ወንዴ ነው። የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ወንዴው ብናኙን ለነፋስ ይለቃል፣ ሴቴዋ ያቺን ሰማያዊ ፍሬ ትይዛለች፣ ወፎች በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል።

የበጋውን ነገር ለማወቅ ቅጠሉን ቀረብ ብለህ እየው። የችግኙ ቅጠል እንደ መርፌ ይወጋል። ሲያድግ ግን ጥቃቅን ሆኖ ቀንበጡ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ላዩም ሰም አለው፣ ስለዚህ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን እንደልብ አያገኙትም። ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎችም በጣም ጠባብ ናቸው። አፈሩ ደርቆ ዛፉ ውሃ በግድ ሲስብ፣ ሰፊ ቧንቧ ቢሆን አየር ይገባና መስመሩ ይቋረጣል። ጠባቡ ይችለዋል። ግን በጠባብ ቧንቧ ብዙ ውሃ አይሄድም፣ ስለዚህ እድገቱ ቀርፋፋ ነው። ቅጠሉም ይረግፋል እኮ፣ ጥቂት በጥቂት ስለሆነ ነው የማይታወቀው።

የሱባ_ልጅ፦
ቅጠልያ ልክ ነሽ፣ ግን ጥድን የማይሞት አታስመስዪው። ትግራይ ደሳዕ ጫካ ውስጥ ቆሞ የደረቀ ጥድ ብዙ ነው። ከባሕሩ ማዶ፣ ሳዑዲ አሲር ተራሮች ላይም እንደዚያው። እሳትም አይችልም፣ ልጡ ቀጭን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ችግኙ ነው። ብርሃን ይወዳል፣ ድቅድቅ ጥላ ሥር አያድግም፣ ገላጣ ቦታ ላይ ሲበቅል ደግሞ ከብቱ ይረግጠዋል። የኛን መናገሻ ሱባ ጫካን እንኳ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው እንዳስተከሉት ነው የሚነገረው።

አናጢው፦
እንጨቱን ምስጥ አይበላውም፣ አይበሰብስም። መጥረቢያ የበዛበትም ለዚሁ ነው፣ የአጥር ቋሚ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጥድ ነው። ወልዴ፣ እስቲ ፍሬውን አረጋግጥ። ደረቅና ጠንካራ ሆኖ የሚሰነጠቅ ከሆነ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ያ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው።

ወልዴ_ደጋ፦
ፍሬው ለስላሳ ነው፣ የሐበሻው ነው። እናቴም «ወንዴ ከሆነማ ይቆይ» ብላለች፣ ጎረቤት ተኮሳትሯል። ከፍሬው ማብቀል ይቻላል?

ቅጠልያ፦
ይቻላል። ሥጋውን በደንብ አጥበህ ዘሩን ብቻ ዝራ፣ ቶሎ ካልበቀለ ተስፋ አትቁረጥ። ስትተክለው ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን፣ ዙሪያውን እሾህ እጠር። ፍየል ካላችሁ ደግሞ አጥሩን ከፍ አድርገው።