የኡድናዳታ መንገድ ጉዞ፦ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ የሚከተለው ነው። በጁላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከምንኖርባት ከደቡብ አውስትራሊያ ከተማ ከአደላይድ ወደ ማሪ ወጥተን፣ በዊልያም ክሪክና በኡድናዳታ በኩል አድርጎ ማርላ የሚደርሰውን 620 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠርና የአፈር መንገድ በአንድነት እንጓዛለን። ዓላማው እዚህ ተወልደው ከከተማ ውጪ ምንም ያላዩ ልጆቻችን የሚኖሩበትን አገር መሀሉን እንዲያዩት ነው። ነዳጅ በየራሳችን ሲሆን፣ ከካዝናው የሚጠየቀው የሳተላይት ስልክ ኪራይ ብቻ ነው። ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣሉ።

ሒሳብ ያዥ፦ «ብቻ» የሚለው ቃል ካለፈው ሽርሽር በኋላ በዚህ እድር ውስጥ ዋጋ የለውም። በኪራይ መኪና የሚመጡ አባላት ውላቸው ከአስፋልት መውጣትን የሚከለክል መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ያንብቡ። መኪና በተሰበረ ጊዜ የመጎተቻው ወጪ የባለቤቱ እንጂ የእድሩ አይደለም የሚል ዐረፍተ ነገር ካልገባበት እኔ አልፈርምም።

የመንገድ ጥናት ፈቃደኛ፦ ነዳጅ በማሪ፣ በዊልያም ክሪክ፣ በኡድናዳታና በማርላ ይገኛል፤ በየመካከሉ ያለው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ደህና መኪና ያለው ሰው በነዳጅ አይቸገርም። የሚያስቸግሩት ስለታም ድንጋይና ዝናብ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ሁለት ትርፍ ጎማ ይያዝ፤ ጠጠሩ ላይ ስንገባም የጎማው ንፋስ ይቀነሳል። ዝናብ ከጣለ መንግሥት መንገዱን ይዘጋል፣ በተዘጋ መንገድ የነዳም ይቀጣል። መንገዱ የሚያልፈው በከብት እርባታ ይዞታዎች ውስጥ ነው፤ በዊልያም ክሪክ ዙሪያ ያለው አና ክሪክ በዓለም ትልቁ ነው ይባልለታል። ከከብት ማጠጫ በ500 ሜትር፣ ከመኖሪያ ቤት በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማደር የተከለከለ ሲሆን፣ የአጥር በር ክፍት ከሆነ ክፍቱን፣ ዝግ ከሆነ ዝጉን ትቶ ማለፍ ደንብ ነው። መኪና ቢያዝ ማንም ሰው በእግሩ አይሂድ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 መኪናዋ አሸዋ ውስጥ የተያዘባት አንዲት ጎብኚ በታኅሣሥ ሙቀት ወደ ዊልያም ክሪክ በእግሯ ስትጓዝ ሕይወቷ አልፏል። የመንገዱን ሁኔታ በየሳምንቱ ተከታትዬ አሳውቃለሁ፣ ፊት የሚመራውንም መኪና እኔ እነዳለሁ።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦ ድንኳኑ አይወጣም። የተገዛው ለለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከአደላይድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከተገኘ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ምን ብዬ ልመልስ ነው?

ከወጣቶች ክፍል፦ ባለፈው ዓመት ለክርስትና ሲወጣ ኃላፊው ራሳቸው ካስማውን ሲተክሉ አይተናል። ለደስታ መውጣቱ ያን ጊዜ ያልከበደ ዛሬ ምን አከበደው?

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦ የክርስትናው ግቢ ከዕቃ ቤቱ ሁለት መንገድ ያለፈ አይደለም፤ ድንኳኑም በዚያው ምሽት ተመልሷል። ነገር ለማሳመር ብላችሁ ነገር አታበላሹ።

ከእናቶች ክፍል፦ ስለ ርቀቱ ትከራከራላችሁ፣ ዋናውን ግን ማንም አልተናገረም። ሙሾ በተወረደበት ድንኳን ሥር ልጆቼን አላስተኛም። ይህን ኋላ ቀርነት የሚለኝ ካለ የራሱን ልጆች ያስተኛ።

ከወጣቶች ክፍል፦ እትዬ፣ ድንኳን ሸራ ነው።

ከመሥራች አባላት አንዱ፦ ሸራ ነው የምትለው አንተ እንዴት እንደተገዛ ስላላየህ ነው። ይህ ድንኳን በፈረቃ ፋብሪካ እየሠራን ካዋጣነው ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያውን ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ እንኳ አቅም አልነበረንም። መዋጮውን ሦስት ወር የሚያሳድር ሁሉ በዕቃው ላይ ድምፅ ይኖረዋል ከተባለ የእኔን ድርሻ መልሱልኝና ልውጣ።

ከወጣቶች ክፍል፦ ሦስት ወር ያሳደረው ማን እንደሆነ በስም ይነገር።

ሒሳብ ያዥ፦ በስም አይነገርም። ዝርዝሩ እኔ ዘንድ አለ።

ሊቀ መንበር፦ ጋሼ፣ የማንንም ድርሻ መልሰን ማንንም አናሰናብትም። ወጣቶቹም ሸራ ነው የሚለውን አነጋገር ያንሡ። ድንኳን የሚሻ ቤተሰብ የራሱን ይግዛ፤ የእድሩ ድንኳን ጉዳይ እዚህ ላይ ይብቃ።

የድሬዳዋ ልጅ የሆነ አባል፦ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና እኔ ወደዚህ ጉዞ የምመጣው ስለ ሐዲዱ ነው። መንገዱ የሚከተለው ጋን የተባለውን የቀድሞ ባቡር መስመር ነው፤ ሐዲዱ ኡድናዳታ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1891፣ አሊስ ስፕሪንግስ ደግሞ በ1929 ሲሆን፣ በ1980 ተዘግቷል። አልጀባኪና ላይ ያለው የብረት ድልድይ 578 ሜትር ይረዝማል። በማሪም ከባቡሩ በፊት ጭነት በግመል ያመላልሱ የነበሩት አፍጋኖች የሚባሉት ሙስሊሞች ታሪክ አለ። ልጆቻችን በዚህ አገር ከእኛ በፊት በስደት መጥተው መንገድ የሠሩ ሰዎች እንደነበሩ ይወቁ ብዬ ነው። ይህ በረቂቁ ውስጥ በአንድ መስመር እንኳ ለምን አልተጻፈም?

ከእናቶች ክፍል፦ ድንኳኑ በቃ ከተባለ ስለ ቀኑ እንነጋገር። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ነው። የዕረፍቱ የመጀመሪያ ሳምንት ከሆነ የሚታረድ በግ የለም፤ ሁለተኛው ሳምንት ይሁን።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦ በግ ከታረደ ትልቁ ድስት ይፈለጋል። ትልቁ ድስትም የለቅሶ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለደስታ የሚሆን ሁለተኛ ድንኳንና ድስት መግዛት ይረክሳል። የሳተላይት ስልኩ ኪራይ ቢቀር ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ ይገኛል።

ከወጣቶች ክፍል፦ ስልኩ ከቀረ እኮ እዚያ መንገድ ላይ መግባት አይቻልም፤ በመንደሮቹ መካከል የሞባይል መስመር የለም። የመንገድ ጥናት ፈቃደኛው ምን ይላሉ?

ሊቀ መንበር፦ ፈቃደኛው ሦስት ጊዜ ተጠርተው መልስ አልሰጡም። የመሪ መኪና ነጂ የሚሆን ሌላ ሰው ካለ ዛሬ ይናገር።

ሒሳብ ያዥ፦ ማንም አልተናገረም። እንግዲያስ በኡድናዳታው ፈንታ በፍሊንደርስ ተራሮች ወዳለው ወደ ዊልፔና እንሂድ፤ እስከዚያ ድረስ አስፋልት ነው፤ የማንም የኪራይ ውል አይከለክለውም፣ የአብዛኞቻችን ትንንሽ መኪናም ይደርሳል።

የድሬዳዋ ልጅ የሆነ አባል፦ ዊልፔና ሐዲድ የለም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። አንደኛ፣ እድሩ ለደስታ ዝግጅት ብቻ የሚውል ሁለተኛ ድንኳንና ትልቅ ድስት ይገዛል፤ ዋጋ አጣርቶ የሚያቀርብ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴም ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ 5 በኋላ ወደ ዊልፔና የሁለት ሌሊት ጉዞ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ የኡድናዳታው መንገድ ለሚቀጥለው ዓመት በይደር ይቆያል፤ የባቡሩና የግመል ነጂዎቹ ታሪክ ያን ጊዜ ይጨመራል።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦ ተስማምቻለሁ። ነገር ግን አዲሱ ድንኳን ከአሮጌው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ስለማይቀመጥ የሚቀመጥበት ቦታ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ይጻፍ፤ ቀለሙም ነጭ እንዳይሆን።

ከወጣቶች ክፍል፦ ነጭ ያልሆነው ለምንድን ነው?