መነፅር የሚያደርግ ልጅ የፓይለት ሜዲካል ያልፋል?

የካዛንቺሷ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ከህፃንነቱ ጀምሮ ፓይለት እሆናለሁ እንዳለ ነው። ግን ሩቅ ማየት ያስቸግረዋል፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ መነፅር ያደርጋል። በቀደም ፒያሳ አንድ መነፅር ቤት ሊያስቀይር ሄዶ ሰውየው "በመነፅር ፓይለት የሚባል ነገር የለም፣ ሌላ ተማር" ብሎት መጣ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ልጁ እህል እንኳን በስርአቱ አይቀምስም። ጎረቤታችን ደግሞ ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ይግባ መነፅር እንዳለው አይናገር ትላለች። እናታችንም የደም ግፊት አለባት፣ የቤተሰብ በሽታ ይጠየቃል ሲሉ ሰምቼ እሱም አሳስቦኛል። ያለፈበት ሰው ወይ ይሄን ምርመራ የሚሰራ ዶክተር ካለ እውነቱን ንገሩኝ በናታችሁ

ናቲ ስታዲየም፦
አይዞሽ እህቴ ሰውየው ዝም ብሎ ነው የተናገረው። መነፅር አድርገው የሚያበሩ ሞልተዋል፣ ቦሌ ተርሚናል ቆመሽ ሻንጣ እየጎተቱ የሚያልፉትን ፓይለቶች እዪ

የበረራ ሐኪም፦
እህቴ ሰላም፣ እኔ በአቪዬሽን ሜዲስን ሰልጥኜ አብራሪዎችን የምመረምር ሐኪም ነኝ። በመጀመሪያ ልጁን ምግብ አብይው፣ መነፅር ብቻውን ማንንም አይጥልም።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኢካኦ ለንግድ አብራሪ የጤና ምርመራ፣ ክላስ ዋን ሜዲካል ለሚባለው፣ የሚጠይቀው፣ በመነፅርም ይሁን ያለ መነፅር፣ እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6፣ ማለትም እንደ ጤነኛ ዓይን፣ እንዲያይ ነው። በመነፅር ካለፈ ሰርተፊኬቱ ላይ ይፃፍበታል፣ ሲበር ያደርገዋል፣ ሁለተኛ መነፅር ደግሞ እጁ ላይ ይይዛል፣ በቃ። ኮንታክት ሌንስም ቢሆን ቀለም የሌለውና የሚስማማው ከሆነ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር የለም። የጎረቤትሽን ምክር ግን እንዳትሰሙ። ዓይኑን በመሳሪያ ስናየው የሌንሱ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፎርሙ ላይ ደግሞ ያለብኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ ብሎ ይፈርማል። ብዙው የጤና ችግር መላ ይገኝለታል፣ ውሸት የተገኘበት ፎርም ግን ፈቃድ እስከማሳጣት ይደርሳል፣ ልጁ ገና ሳይጀምር እንዲህ አይነት ነገር ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል።

እኔን ከመነፅሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቀለም ነገር ነው። አብዛኛው ሰው ቀለም እንደማይለይ የሚያውቀው ኢሺሃራ የሚባለውን ነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የተደበቀበትን መፅሐፍ ፊቱ ስንገልጥለት ነው። ጨዋታ ይመስላል ግን አይደለም፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ወደ ማኮብኮቢያው ሲወርድ ጎን ላይ አራት መብራት ይታያል፣ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከሆነ ልክ ነህ፣ አራቱም ቀይ ከሆነ በጣም ዝቅ ብለሃል ማለት ነው። ሬዲዮ ቢበላሽም የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ታወር በቀይና በአረንጓዴ መብራት ነው የሚያነጋግርህ። ኢሺሃራውን የሳተ ወዲያው አይባረርም፣ ሌላ ጠለቅ ያለ ምርመራ አለ፣ እሱንም ካላለፈ ግን መነፅርም ኦፕሬሽንም አያድነውም።

የእናታችሁ ግፊት ይጠየቃል፣ ይመዘገባል፣ እሱን ግን አይጥለውም። የምንለካው የራሱን ነው። ፈርቶ ሲገባ ከፍ የሚልበት ልጅ ብዙ ነው፣ እንዲህ ሲሆን አስቀምጠን አረጋግተን ደግመን እንለካለን። ከዛ ውጪ ኢሲጂ የሚባል የልብ ምርመራ አለ፣ ሽንት አለ፣ ጆሮ ደግሞ ዝግ ክፍል ውስጥ ሄድፎን አድርጎ ድምፁ በተሰማው ቁጥር ቁልፍ ይጫናል።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልጨምር፣ አፍንጫና ሳይነስ። ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ እንዳለ ተደርጎ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጆሮው ብዙም ላይሰማው ይችላል። ጅቡቲ ሲያርፍ ግን ባህር ዳርቻ ነው፣ የአየር ግፊቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨምራል፣ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ከተዘጋ ጆሮውም ግንባሩም ይወጋዋል፣ ሊያርፍ ትኩረት በሚፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ለዛ ነው ጉንፋን የያዘው አብራሪ አይበርም የምንለው። እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋን ኪኒኖችም እንደዛው።

የካዛንቺሷ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳነብለት ፊቱ ፈካ 🙏 አሁን ስልክ ላይ የቀለም ቴስት አውርዶ ሁሉንም አገኘሁ እያለኝ ነው፣ ይታመናል? ደግሞ በሌዘር ዓይኑን ቢያሰራውስ ይሻላል?

ታወር ልጅ፦
እኔ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ እኛም ክላስ ስሪ የሚባል ሜዲካል አለን፣ ቀለም እኛም ጋ ይታያል። ወንድምሽን እንኳን ደህና መጣህ በይልኝ፣ ግን ሜዲካል አንዴ ታልፎ የሚያበቃ እንዳይመስለው፣ ፓይለቶቹ በየ12 ወሩ ነው የሚያድሱት፣ የአየር መንገድ አብራሪ ደግሞ 60 ካለፈ በየ6 ወሩ። እድሜ ልኩን ራሱን መጠበቅ አለበት፣ እንቅልፉን፣ ኪሎውን፣ ጫቱን ሲጋራውን መራቅ

የበረራ ሐኪም፦
ታወር ልጅ ልክ ነው።
የስልኩ ቴስት አይታመንም፣ ስክሪኑ ቀለሙን ይለውጠዋል፣ የክፍሉ መብራትም እንደዛው። የዓይን ሐኪም ጋ ሄዶ በእውነተኛው መፅሐፍ ይታይ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ሌዘሩን ለፓይለትነት ብላችሁ አታሰሩት፣ በመነፅር 6/6 ካየ አያስፈልገውም፣ ከተሰራ በኋላ ደግሞ ዓይኑ እስኪረጋጋ ይጠበቃል፣ ማታ መብራት ዙሪያ ብርሃን የሚፈነጥቅበትም ሰው አለ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አደራ። ለየትኛውም የበረራ ትምህርት ቤት ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን የፈቀደለት ሐኪም ጋ ሄዶ ክላስ ዋኑን ይመርመር፣ የሐኪሞቹን ዝርዝር ባለስልጣኑ ጋ ጠይቁ። ቀጣሪውም የራሱ ተጨማሪ መስፈርት ሊኖረው ስለሚችል እሱን ለብቻ ጠይቁ። በቀኑ የመነፅሩን ትዕዛዝ ወረቀትና ያሉትን መነፅሮች ሁሉ ይዞ ይሂድ፣ ማታ ደህና ይተኛ፣ ጠዋት ቡናውን ይተወው፣ ደም ስለሚሰጥ በባዶ ሆድ ይምጣ ካሉትም ቁርሱን ያቆየው

የካዛንቺሷ፦
እሺ ዶክተር፣ ሰኞ ዓይን ሐኪም ጋ ይዤው እሄዳለሁ፣ ያሉትን መጥቼ እፅፋለሁ