ለገና ወደ አገር ቤት የምወስደው የወተት ቸኮሌት፦ የትኛው ይሻላል?

የፍራንክፈርቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ 25 ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ገናን ከእናቴ ጋር ስውል ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው።

ቸኮሌቱን የምመርጠው ለእሷ ነው። ልጆች ሆነን ደሞዝ የተቀበለች ዕለት ደስታ ከረሜላ ይዛልን ትገባ ነበር። እየቆጠረች ታካፍለናለች። ለራሷ ስታስቀር አይቻት አላውቅም። አሁን 79 ዓመቷ ነው፣ ጥርሶቿም አብዛኞቹ ረግፈዋል። ስለዚህ የምፈልገው ሳይታኘክ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ነው።

እዚህ የገና ጣፋጭ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው ገና በመስከረም ነው። በጾም የወተት ቸኮሌት ስለማልቀምስ ኅዳር 14 ማታ፣ የነቢያት ጾም ቅበላ ዕለት፣ ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ቀመስን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በደብተሯ ከአሥር ነጥብ ትሰጥ ነበር። በየመሃሉ ውሃ እንጠጣለን።

ሚልካ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይቀልጣል። ለእኔ ግን ስኳሩ ጠነከረብኝ፤ ሁለት ቁራጭ በልቼ ሻይ አማረኝ። ቶብለሮን ማርና አልሞንድ ያለው ደረቅ ነገር ስላለበት ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ጣዕሙን ወድጄዋለሁ፣ ለእናቴ ግን አይሆንም። ከሱፐርማርኬቱ የራሱ ምርት ያነሳሁት ርካሽ ቢሆንም ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። የመርሲው ሳጥን ውስጥ በየራሳቸው የተጠቀለሉ ቀጫጭን ቸኮሌቶች አሉ፤ ሁሉም የወተት አይደሉም፣ ቡና ያለበትም አለ። እሱን ስቀምስ እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ሊንዶር ክቧ ናት። ምላሴ ላይ አስቀምጬ አፌን ዘጋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቅርፊቱ ሳሳ፣ ውስጡ እንደ ለጋ ቅቤ ፈሰሰ። አንዴም አላኘክኩም። ልጄ ዓይኗን ጨፍና አሥር ጻፈች።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ባለፈው የወሰድኩት ቸኮሌት እናቴ ቤት ሲከፈት ላዩ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ሻግቷል» አለ። እናቴ ምንም ሳትል ሳጥኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጣለችው ብዬ ቆጠርኩት። ያን ቀን ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እንዴት አድርጌ ልያዘው?

ከጄኔቭ፦
እህቴ፣ እኔ ቸኮሌት ቤት ከኋላ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እንደ ነገርሽን ከሆነ ሻጋታ አልነበረም፤ የካካዎው ቅቤ ነው።

ይህ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ይላል። ሊንዶሯ አፍሽ ውስጥ ዝም ብላ የሄደችውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ቸኮሌቱ ሻንጣ ውስጥ ሞቆ ከለሰለሰ በኋላ እንደገና ሲጠነክር ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይረጋል። በጣትሽ ሙቀት አሸት ስታደርጊው ይጠፋል። መልኩ ይበላሻል፣ አፍ ላይም ትንሽ ሻካራ ይሆናል፣ ግን ይበላል። ሰውን አይጎዳም።

ሌላው ጠላቱ ውሃ ነው። እኔ ካለሁበት ሐይቅ ዳር፣ ቬቬ ከተማ፣ ዳንኤል ፒተር የሚባል ሰው በ1875 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የወተት ቸኮሌት ሲሠራ ብዙ የለፋው ወተቱ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ነው። ውሃና የካካዎ ቅቤ አይስማሙም። ስለዚህ እናትሽ ቤት ስትደርሺ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው። ከፍሪጅ ሲወጣ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዝና ስኳሩ ሟሙቶ እሱም ነጭ ይሆናል። አዲስ አበባ በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ናት፣ ቁም ሳጥን ይበቃዋል። ቡና ከሚፈላበት ምድጃ ብቻ አርቂው።

በእጅ ሻንጣሽ ያዢው። በተለይ ሊንዶሩን፣ ውስጡ ከቅርፊቱ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ።

ስለ ርካሹም ልጨምር። አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው «የወተት ቸኮሌት» ለመባል ቢያንስ 25 በመቶ ካካዎና 14 በመቶ የወተት ደረቅ ነገር ሊኖረው ግድ ነው። ማሸጊያውን ገልብጠሽ ካካዎው 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስሙ ባይታወቅም አትናቂው።

ከአቡ ዳቢ፦
እኔ አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ብዬ በነሐሴ በካርጎ ላክሁ። ማዳሜ የሰጠችኝ ጋላክሲ የሚባለው ቸኮሌት ነበር፣ በዚያ ላይ በራሴ ብር ጨመርኩበት። ሲደርስ ሁሉም ቀልጦ አንድ ላይ ተጋግሯል። እህቶቼ በቢላዋ እየፈለጡ፣ ወረቀቱን ከውስጡ እየለቀሙ በሉት። «ጣፍጦናል» አሉኝ፣ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ወራት ቸኮሌት አልልክም። የኔ ቆንጆ፣ አንቺስ ራስሽ ይዘሽው ነው የምትሄጂው፣ ደግሞም ክረምታቸው ነው። አትስጊ።

ከሽቱትጋርት፦
እስካሁን ካልገዛሽ አትቸኩዪ። ዲሴምበር 25 እና 26 ሱቅ ዝግ ነው። በ27 ስትሄጂ የገና ሥዕል ያለበት ቸኮሌት ዋጋው ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የእኛ ገና ገና 11 ቀን ይቀረዋል! በዓላችን ዘግይቶ መምጣቱ ለኪስ ደግ ነው። የገና አባት ቅርጽ ያለውን ግን ተይው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል።

የሳሪስ ልጅ፦
እኔ ተቀባይ ነኝ፣ ከዚህ ወገን ልንገርሽ። ትልቅ ሳጥን ለአንድ ቤት አታምጪ። እናቶቻችን «ለእንግዳ» ብለው ቡፌ ውስጥ ያስቀምጡታል። የእኔ እናት እስከ ፋሲካ አቆይታ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የከፈተችው። ለእናትሽ ከሆነ ሳጥኑን ራስሽ ክፈቺና አንዷን ፈትተሽ በእጇ ስጫት። ለጎረቤት በየራሱ የተጠቀለለው ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ አልኮል ያለበት እንዳይሆን ጀርባውን አንብቢ። ደግሞ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እማማ ስኳር አለባቸው እንዴ?

የፍራንክፈርቷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአቡ ዳቢዋ እህቴ፣ ታሪክሽን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

ስኳር የለባትም፣ ግፊት ብቻ ነው። ወስኛለሁ፦ ለእናቴ አንድ ትንሽ ከረጢት ሊንዶር፣ ለጎረቤት ሦስት ሳጥን መርሲ፣ በ27 እገዛለሁ። ቡና ያለባቸውን ለቅሜ ለእሷ አስቀራለሁ። ሁሉም በእጅ ሻንጣ።

ትናንት ደውዬ «እማዬ፣ ያኔ ነጭ የነበረው እኮ ሻጋታ አልነበረም፣ ቅቤ ነው፤ ባትጥዪው ኖሮ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ማን ጣለው አለሽ?» አለችኝ። «ልጄ ከዚያ ድረስ ተሸክማ ያመጣችውን እጥላለሁ? ጓዳ አስቀምጬ ማታ ማታ አንድ አንድ እያልኩ ጨረስኩት እንጂ።»