የኮምፕሌክሲቲ ቁጥሩ ወረደ፣ ኮዱ ግን ለማንበብ ከበደ

የትዕዛዝ ክፍያ የሚያሰላ 210 መስመር የፓይተን ፈንክሽን አለኝ። ሬደን በተባለው የኮድ መለኪያ መሣሪያ ሲለካ ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲው (በኮዱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ መንገዶች የሚቆጥረው መለኪያ) 34 ይወጣል። የቡድናችን ገደብ 10 ነው፤ ማኬብ በ1976 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ የጠቆመውም ይህንኑ ቁጥር ነበር።

መጀመሪያ የተደራረቡትን ኢፎች (የ“ከሆነ” ቅድመ ሁኔታዎችን) ትቼ፣ የማይሆኑትን ሁኔታዎች ከላይ በሪተርን አስወጣኋቸው። ጥልቀቱ ከ5 ወደ 2 ወረደ፤ ንባቡም በእውነት ቀለለ። 34ቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ የሚቆጥረው የውሳኔ ነጥቦችን እንጂ መደራረብን አይደለምና። መደራረብን የሚቀጣው ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ የተባለ ሌላ መለኪያ ግን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ለእኔ ይበልጥ የሚታመነው ይሄኛው ነው።

ገደቡን ለማሟላት ፈንክሽኑን 8 ቦታ ከፈልኩት። አሁን ሁሉም ከ10 በታች ናቸው፤ ቴስቶቹም ያልፋሉ። ነገር ግን ደንበኛው አባል መሆኑን፣ ኩፖን መኖሩንና ትዕዛዙ በከፊል መመለሱን የሚናገሩ 3 ቡሊያኖች (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚሆኑ እሴቶች) ከአንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላው ይቀባበላሉ። አንድ የቅናሽ ሕግ ለመረዳት 4 ፈንክሽን እያገላበጡ ማየት ግድ ነው። ውስብስብነቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

3ቱ ቡሊያኖች 8 ጥምረት ስለሚሰጡ ሕጎቹን በዲክሽነሪ (ለእያንዳንዱ ጥምረት ሕጉን በሚይዝ ሰንጠረዥ) ማስቀመጥ ይቻላል። የሚያሰጋኝ ቅደም ተከተሉ ነው፦ በተለመደው ትዕዛዝ ኩፖኑ ይቀድማል፣ በከፊል በተመለሰው ግን የአባልነት ቅናሹ መቅደም አለበት፤ ዲክሽነሪው ይህን በግልጽ አያሳይም። ሌላው አማራጭ ለእያንዳንዱ የትዕዛዝ ዓይነት የራሱን ክላስ (የራሱን ስሌት የያዘ የኮድ ክፍል) መስጠት ነው።

የስሌቱ ቅደም ተከተል በጥምረቱ ሲቀያየር፣ ለአንባቢ የሚቀለው የትኛው ነው፦ ዲክሽነሪው ወይስ ክላሶቹ?