የምንጭ አለቱን ብስለት በየትኛው ምርመራ ልለይ?

በስምጥ ውስጥ የተፈጠረ አንድ የደለል አለት ተፋሰስ ያለውን የድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ አቅም በመገምገም ላይ ነኝ። በእጄ ያሉት ባለ ሁለት ልኬት የሴይስሚክ መረጃ፣ ከአንድ አሮጌ ጉድጓድ የወጡ የአለት ስብርባሪዎችና የጉድጓዱ የሙቀት ንባቦች ናቸው። ነዳጁን የሚይዘው አቃፊ አለትም ሆነ ከላዩ ሆኖ እንዳያመልጥ የሚያግደው ከዳኝ አለት ብዙም አያሳስቡኝም፤ ያስቸገረኝ በ2,300 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚገኘው፣ በጥንታዊ ሐይቅ ውስጥ የተከማቸው ጥቁር ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የተፈጠረ የደለል አለት) ነው።

ሼሉ 4 በመቶ ያህል ኦርጋኒክ ካርቦን ስላለውና የሃይድሮጅን ኢንዴክሱም (ከኦርጋኒክ ካርቦኑ አንጻር ምን ያህል ሃይድሮካርቦን ሊያመነጭ እንደሚችል የሚያሳየው መለኪያ) ወደ 650 ስለሚጠጋ ጥሩ ምንጭ አለት፣ ማለትም ነዳጅ የሚመነጭበት አለት፣ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም የቪትሪናይት ነጸብራቁ (በአለቱ ውስጥ ያሉ የእንጨት ቅሪቶች ሲሞቁ እየጨመረ የሚሄድ የብርሃን አንጸባራቂነት) 0.48 በመቶ ሆኖ አለቱ ገና እንዳልበሰለ፣ ማለትም ዘይት ለማመንጨት በቂ ሙቀት እንዳላገኘ፣ ሲያመለክት፣ ሮክ ኢቫል በሚባለው ናሙናን የማሞቅ ምርመራ የተለካው ቲማክስ (ናሙናው ሲሞቅ ሃይድሮካርቦን በብዛት የሚለቅበት ሙቀት) ግን 443 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ዘይት ማመንጨት መጀመሩን ይጠቁማል። የቁፋሮው ጭቃ ናሙናውን በክሎት እንዳይሆን በማለት ስብርባሪዎቹን በኬሚካል አጥቤ ደግሜ አስለካሁ፤ ቲማክሱ አልተለወጠም። የጉድጓዱን ሙቀት በቁፋሮው ምክንያት ዝቅ ያለውን ንባብ በሚያስተካክለው የሆርነር ዘዴ አርሜ የሠራሁት የአቀባበር ታሪክ ሞዴልም አልገላገለኝም፤ ምክንያቱም ተሸርሽሮ የጠፋ ንብርብር የለም ካልሁ ከቪትሪናይቱ ጋር ይስማማል፣ 900 ሜትር ያህል ጠፍቷል ካልሁ ደግሞ ከቲማክሱ ጋር ይገጥማል።

በሃይድሮጅን የበለጸገ ኬሮጅን (ነዳጅ የሚያመነጨው ጠጣር ኦርጋኒክ ቁስ) የቪትሪናይትን ነጸብራቅ ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የዓይነት አንድ (በአብዛኛው ከሐይቅ አልጌ የመጣ) ኬሮጅን ቲማክስም ሳይበስል ከ440 ሊያልፍ እንደሚችል ስለማውቅ አንዱን ይዤ ሌላውን ለመጣል አልደፈርሁም። የቀረኝ ናሙና ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ የዚህን ሼል ትክክለኛ ብስለት ለመለየት ከባዮማርከር (ከጥንት ሕያዋን የቀሩ ሞለኪውሎች) ምጥጥን፣ ከስፖር ቀለም (ሲሞቁ የሚጠቁሩ የዕፅዋት ስፖሮች) ምዘናና ከአፓታይት ፊሽን ትራክ (በአፓታይት ማዕድን ውስጥ ያሉና ሲሞቁ የሚያጥሩ የጨረር ዱካዎች) ትንተና የትኛውን ብመርጥ ይሻላል?