ስቴም ሴል ከፅንስ የሚወጣው እንዴት ነው?

ቲቸር አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ አዳማ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ትናንት ስለ ስቴም ሴል (ገና ስራው ያልተለየ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ሴል መቀየር የሚችል ሴል) እያወራሁ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ በውርጃ ከወጣ ልጅ ነው አይደል የሚወስዱት?» አለኝና ክፍሉ ጭጭ አለ። አይደለም አልኩት፣ ግን በደንብ ላስረዳው እፈልጋለሁ። ከየት ነው የሚመጣው? ላብራቶሪ ውስጥስ ምን ይደረጋል? በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሐዋሳ ላብ፦
ልክ ነሽ ቲቸር፣ ከማህፀን የሚወጣ ነገር የለም። መውለድ ያስቸገራቸው ባልና ሚስት አይቪኤፍ ሲሰሩ እንቁላሉና ስፐርሙ ላብ ውስጥ ነው የሚገናኘው፣ ብዙ ጊዜ ፅንስ ይተርፋል፣ የተረፈውን ፈርመው ለምርምር ከሰጡ ነው ስራው የሚጀመረው። በ5ኛው ቀን ገደማ ፅንሱ ብላስቶሲስት ይባላል፣ ከ100 እስከ 200 ሴል ቢኖረው ነው፣ በአይን ለማየት ራሱ ያስቸግራል። የውጪው ሽፋን የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ነው፣ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተሰበሰቡት ደግሞ ሰውነት የሚሆኑት፣ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ሽፋኑ ይነሳና እነሱ ሳህን ላይ ይቀመጣሉ፣ በድሮው አሰራር ከስር፣ እንዳይባዙ በጨረር የተመቱ የአይጥ ሴሎች ይነጠፋሉ፣ አሁን ያለ አይጥ ሴልም ይሰራል።

ከባዱ ነገር ማባዛቱ ብቻ አይደለም፣ እየተባዙ ወደ ነርቭ ወይ ወደ ልብ ጡንቻ እንዳይቀየሩ መጠበቁ ነው። 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ናቸው፣ ምግባቸው በየቀኑ ይቀየራል፣ ቅዳሜ እሁድ ብሎ ነገር የለም፣ ምግባቸው የሆነው ሮዝ ፈሳሽ ቢጫ ቢጫ ካለ አሲድ በዝቷል ማለት ነው፣ አርፍደሻል። ሲሞሉ ተከፋፍለው ወደ አዲስ ሳህን ይሄዳሉ፣ እንዲህ እያለ ለዓመታት ይቀጥላል። የአይጡ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የተሳካው፣ የሰው ግን እስከ 1998 ቆየ፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ላይ ጄምስ ቶምሰን ነው የሰራው።

ማሙሽ ዘአዳማ፦
ወንድሜ ጥሩ አስረድተሃል ግን ፅንሱስ? ይጠፋል አይደል? እኔ እንደ አማኝ እሱ ነው የሚከብደኝ።

የሐዋሳ ላብ፦
አዎ፣ በዚህ አሰራር ይጠፋል፣ መደበቅ አያስፈልግም፣ ዓለም ላይ ክርክሩ ሁሉ የመጣው ከዛ ነው። ለዚህ ነው የያማናካ ስራ ትልቅ የሆነው፣ ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥ በ2007 ደግሞ የሰው የቆዳ ሴል ላይ 4 ጂን አስገብቶ ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው፣ ፅንስ ሳይነካ፣ በ2012 ኖቤል ተሸልሟል። ግን የሱ ሴሎች ጥሩ መሆናቸው የሚታየው ከፅንስ ከወጡት ጋር ተወዳድረው ስለሆነ የፅንሱ ምርምር አልቀረም።

ቲቸር አዳማ፦
ተባረክ ወንድሜ! ሰኞ ሁለቱንም መንገድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን እስልላቸዋለሁ፣ የማሙሽንም ጥያቄ እራሳቸው ይወያዩበት።