የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ አቁሜያለሁ፤ ከማርገዜ በፊት ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም እህቶቼ። 29 ዓመቴ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ከባለቤቴ ጋር ልጅ ይሁንልን ብለን መርፌውን አቆምኩ። ግን ፈርቻለሁ። አምና የእህቴ ልጅ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወለደ። መጀመሪያ ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ ወገቡ ላይ በፋሻ የተሸፈነችውን እብጠት እንዳልነካት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ አንድም ክትትል አልቀረችም፤ ኪኒኑንም ከአራተኛ ወሯ ጀምራ ሳታቋርጥ ወስዳለች። ታዲያ ምን ጎደለ?

አዋላጅ ነርስ፦
የኔ እህት፣ እህትሽ ያጠፋችው ነገር የለም፤ መጀመሪያ ይህንን ንገሪያት። የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ አናውቅም። በአራተኛ ወር የሚጀመር ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም እህትሽ የወሰደችው የቫይታሚን ኪኒን፣ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለጀርባው ግን አይደርስም። አንቺ ከዛሬ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ካረገዝሽም በኋላ እስከ ሦስት ወር። ሁሉንም ባያስቀር አደጋውን በጣም ይቀንሳል። ጎመኑንና ምስሩን ብዪ፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። የእህትሽን ልጅ ነገር ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትወጪ፣ መጠኑን እሱ ይወስንልሽ። እህትሽ ደግሞ ድጋሚ ከማርገዟ በፊት በጣም ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋታል፤ እሱን በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ። ከመርፌው በኋላ ማርገዝ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቢዘገይ አትደንግጪ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሰበታ፦
የደም ዓይነትሽንም እወቂ! እኔ ኔጌቲቭ መሆኔን ያወቅሁት ሁለተኛው ልጄ በተወለደ ማግስት ዓይኑ ሳይቀር ቢጫ ሲሆን ነው። የመጀመሪያውን እቤት ስለወለድኩ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማትን የሚከላከለውን የሾተላዩን መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ አልተወጋሁም። ልጄ ደም ተቀይሮለት ተረፈ፣ ተመስገን። ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ የኤችአይቪውን፣ የጉበቱን፣ የቂጥኙን ምርመራ አብራችሁ ጨርሱ።

የቱሉ ዲምቷ፦
ዛሬ ሄድን። መጀመሪያ ካርድ ክፍል «ስታረግዢ ነይ» ብለው ሊመልሱኝ ነበር፤ የእህቴን ልጅ ነገር ስናገር አስገቡኝ። የደም ዓይነታችን የሁለታችንም ፖዘቲቭ ነው። ደሜ ትንሽ አንሷል፤ ከምግብ ጋር ሻይና ቡና ተዪ ተባልኩ። ኪኒኑም በእጄ ነው። ነርሷ፣ መልስሽን ለእህቴ ደውዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት።